የኔታ ያልፈቱት ፋሻ

ባለፈው ሳምንት ጎንደር ፒያሳ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ገብቼ መንጋጋዬን አስነቀልኩ። ሐኪሟ ድዴን በመርፌ ወጋ አድርጋ፣ "አባባ፣ አሁን ምንም አይሰማዎትም" አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ግማሽ ፊቴ ደነዘዘ። እኔ ግን ወንበሩ ላይ እንደተጋደምኩ እንባዬ መጣ። ያመመኝ መስሏት ደነገጠች። ምን ብዬ ላስረዳት?

ወጣት ሳለሁ ከትክል ድንጋይ ከተማ ወጣ ብላ ባለች ትንሽ ክሊኒክ ጤና ረዳት ነበርኩ። ገበሬው "ሐኪም" ይለኛል፤ እኔም ሞኙ አምኜ ተቀብዬ ነበር። ከሥራዬ ሁሉ የምወደው ማደንዘዣ መውጋት ነው። እያቃሰተ የገባ ሰው ወዲያው ዝም ሲልልኝ ደረቴ ይነፋ ነበር።

ክረምት ነው፤ ፍልሰታ ሊገባ አንድ ቀን ቀርቶታል። የአጥቢያው የቅኔ መምህር የኔታ ጭቃውን እየረገጡ መጡ። በቀኝ እጃቸው አመልካች ጣት ውስጥ የቀጋ እሾህ ተሰብሮ ቀርቶ አብጧል። የኔታ ቁም ጸሐፊም ነበሩ። በዚያች ጣት ብርዕ ይዘው ብራና ላይ ዳዊት ይጽፋሉ፤ እንጀራቸውም ክብራቸውም እሷ ናት።

ከጣታቸው ሥር ማደንዘዣ ወጋሁ፤ ደም እንዳያስቸግረኝም እዚያው ላይ በቀጭን ላስቲክ ጠበቅ አድርጌ አሰርኩ። ሰንጥቄ እሾሁን ሳወጣ የኔታ በገዛ ዓይናቸው እያዩ፣ "ምነው ልጄ፣ ሕመሙ የት ሄደ?" አሉኝ። የትም እንዳልሄደ፣ መድኃኒቱ ነርቩን ይዞ ወሬው ወደ አንጎል እንዳያልፍ መንገዱን ብቻ እንደዘጋ፣ እየተመጻደቅሁ አስረዳኋቸው። እያወራሁም ፋሻውን ጠቀለልኩ። ማደንዘዣው ሲለቅ እንደሚያማቸው፣ ቢያማቸውም እንዳይፈቱት፣ በሦስተኛው ቀን እንዲመለሱ ነገርኳቸው። "ሸጋ" ብለው መርቀውኝ ሄዱ።

በሦስተኛው ቀን አልመጡም። ሱባኤ ገብተዋል ተባለ። በስድስተኛው ቀን ሁለት ተማሪዎቻቸው ደግፈው አመጧቸው። ሽታው ቀድሟቸው ገባ። ፋሻውን ስፈታ ጣቲቱ ጠቁራለች፤ ከሥሯ ያ ያሰርኩት ላስቲክ ሥጋው ውስጥ ሰርጎ ተቀምጧል። ሳልፈታው ነው የጠቀለልኩበት! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት ግን የሚለቀም አልነበረም።

"ሁለት ቀን አንገበገበኝ" አሉ የኔታ። "አትፍታ ስላልከኝ አልፈታሁም። ጥሬ ሽምብራዬን ቆርጥሜ፣ ጸሎቴን ይዤ ቻልኩት። ኋላ እሷው ዝም ስትል ዳነች ብዬ ደስ አለኝ።"

ሽታውን ሽሽት ሁሉም ፊታቸውን አዙረው ነበር። ላስቲኩን ቆርጬ ኪሴ ከተትኩት። ማንም አላየኝም።

"ምን አጥፍቼ ይሆን ልጄ?" አሉኝ።

"እግዜር ያመጣው ነው፣ የኔታ" አልኳቸው።

ጎንደር ወርደው ጣታቸው ተቆረጠች። የጀመሩት ዳዊት ከአጋማሹ ቀረ። እኔም ዝውውር ጠይቄ ከዚያ አገር ጠፋሁ።

ኋላ ተናዝዣለሁ፤ የንስሐ አባቴ የሰጡኝንም ቀኖና ፈጽሜያለሁ። ምን ዋጋ አለው? ከተማሪዎቻቸው አንዱ ከዓመታት በኋላ አግኝቶኝ እንዳጫወተኝ፣ የኔታ እስኪሞቱ ድረስ ፍልሰታ በገባ ቁጥር ሱባኤ እየያዙ፣ ጣታቸውን ያስቆረጠው ኃጢአታቸው የትኛው እንደሆነ እንዲገልጥላቸው አምላካቸውን ሲለምኑ ኖሩ። በአንድ ቃል ላሳርፋቸው እችል ነበር። አላሳረፍኳቸውም።