ደምበጫ ሲደረስ አያቴ ለምን ይከናነቡ ነበር

አያቴ ከቡሬ ወደ ደብረ ማርቆስ በአውቶብስ ሲሄዱ፣ ደምበጫ ሲደረስ ጋቢያቸውን ተከናንበው ጉልበታቸው ላይ ይደፉ ነበር። ከተማው ሲያልፍ ብቅ ይሉና «አይ ብርዱ!» ይላሉ። ፀሐዩ አናት እየበሳ! አገራቸውን ለጠየቀ ሁሉ መልሳቸው «ከወዲያ ነኝ» ብቻ ነበር። የአባታቸውን ስም እንኳ እንደ ጠያቂው ይለዋውጡት ነበር። አባቴ ግን ከዚያች «ወዲያ» ተነስቶ የባላባት ልጅ አደረጋቸው። ደመኛ ሸሽተው፣ ርስታቸውን ጥለው የመጡ ጀግና ናቸው እያለ ለሰፈሩ ሁሉ አዳርሷል።

አያቴ ካረፉ በኋላ እህቴ የምትወደው ልጅ ሽማግሌ ላከባት። ሽማግሌዎቹ «ሰባት ቤት እንቁጠር» አሉ። ዝምድና ከተገኘ ሠርግ የለም። እኛ ደግሞ አያቴ ላይ ደርሰን ቀጥ አልን። አባቴ «ባላባት ነበሩ» ቢላቸው አንደኛው ሽማግሌ «እንዲያ ከሆነ የአባታቸውን ስም ጥሩልና» አሉት። እህቴ ጓዳ ገብታ ተንሰቀሰቀች። «በማላውቀው ቅድመ አያት ምክንያት ቆሜ ልቅር?»

አያቴ ይከናነቡ የነበረው ደምበጫ ላይ ነውና ነገሩ እዚያው ይገኛል ተባለ፤ እኔ ፍኖተ ሰላም አስተማሪ ስለሆንኩ «አንተ ለደምበጫ ትቀርባለህ» ተብዬ ተላክሁ። በገበያ ቀን የአያቴን ፎቶ በስልኬ እያሳየሁ ዞርኩ። ግማሹ ሰው ስልኩን የምሸጥ መስሎት በዋጋ ተከራከረኝ። በመጨረሻ አንዲት ጌሾ ሻጭ «ይሄን ጆሮማ አውቀዋለሁ፤ የእነዚያ ቤት ጆሮ ነው» ብላ፣ ከከተማው ወጣ ያለ መንደር ወደ አንዲት አሮጊት ቤት ወሰደችኝ።

አሮጊቷ ስልኩን አፍንጫቸው ሥር አስጠግተው አዩና በሳቅ ፈረሱ። «ወይኔ! ወንዝ ውስጥ የጣለኝ!»

ለካ የአያቴ ታላቅ ወንድም ሚስት ናቸው። አያቴ የወንድማቸው ሚዜ ሆነው፣ ሙሽራዋን አዝለው ወንዝ ሲሻገሩ አዳልጧቸው ከነጥልፍ ቀሚሷ ዘፍዝፈዋታል። አጃቢው ሙሽራዋን ሲያወጣ ሚዜው የሉም። በዚያው ጠፉ።

«ማን ተቆጥቶት እቴ!» አሉ አሮጊቷ። «ባሌ ነፍሱን ይማረውና እስኪሞት ሲስቅ ኖረ። ያለቀስነው ለሱ መጥፋት ነው።»

 አያቴ ያን ሁሉ ዘመን የተከናነቡት ማንም ያልያዘባቸውን ቂም ፈርተው ነው።

አሮጊቷ የባላቸውን ዘር ሳያደናቅፋቸው እስከ ሰባት ቤት ቆጠሩልኝ። ቡሬ ተመልሼ ቤተሰቡና ሽማግሌዎቹ በተሰበሰቡበት ዘረገፍኩት። ሽማግሌዎቹ ከልጁ ዘር ጋር አስተያዩት፤ ዝምድና የለም። እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው። አባቴ ግን ጥግ ጠርቶ ጠየቀኝ።

«ወንዙ ትልቅ ነው?»

«ከጉልበት አይዘልም።»

«ለሰው ስትነግር ዓባይ ነው በል።»

ለሠርጉ አሮጊቷን አምጥተን ፊት ለፊት አስቀመጥናቸው። ሌሊቱን ዝናብ ጥሎ ደጃፉ ጨቅይቶ ስለነበር ሚዜው እህቴን እስከ መኪናው አዘላት። አባቴ ሁለት እጁን ዘርግቶ ከኋላ ከኋላ ይከተላል። ይሄኔ አሮጊቷ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው ወደ ሚዜው ጮኹ፦

«ቀስ በል ልጄ! ብትጥላትም እንዳትጠፋ!»