ኮሶዬ ላይ ያስፈረምናቸው ስሞች

ያን እሑድ ኮሶዬ ላይ፣ ከአስፋልቱ ዳር በብርቄ ምግብ ቤት የነበርነውን አንድ በአንድ ልጥራ፤ ሰው ማስቀረት አልወድም። አያ ፈንታሁን ነበሩ፤ ከጎንደር ወደ ደባርቅ መውጫው ላይ ጎማ የሚጠግኑ ጎሚስታ፣ በዚያ ዓመት ለተወካዮች ምክር ቤት በግላቸው ሊወዳደሩ የተነሱ። ይትባረክ ነበረ፤ የዩኒቨርሲቲ የሕግ ተማሪ፣ እናቱ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ። በሚኒባሱ ያመጣን ሾፌሩ ጌጡ ነበረ። አያ መንገሻ ነበሩ፤ የኮሶዬ ሽማግሌ፣ የማኅበራቸው ጸሐፊ። ቤቱ ቤቷ ነውና ብርቄ ነበረች። ስድስተኛው እኔ ነኝ። የቀረው ከቅዳሴ ወጥቶ ፈርሞ የሄደ ሕዝብ ነው።

ይህን ያስነሳብኝ ባለፈው ሳምንት ነው። ወደምሠራበት የፎቶ ኮፒ ቤት አንድ የማላውቀው ወጣት መጣና የግል ዕጩ የድጋፍ ፊርማ ቅጽ አባዛልኝ አለ። ወረቀቱ ከማሽኑ ትኩስ ትኩሱን ሲወጣ እያስተካከልኩ ስደረድር፣ ከግርጌው «ስም እንደ መታወቂያው ይሞላ» የሚለውን መስመር አየሁ። እጄ ቆመ።

«ምነው ወንድሜ፣ ቀለም አለቀ እንዴ?» አለኝ።

«አላለቀም» አልኩት። መስመሩን ግን በእስክሪብቶ አሰመርኩበት፤ በሁሉም ቅጂ ላይ፣ አንድ በአንድ። ልጁ ተገርሞ አየኝ።

ኮሶዬ በሄድን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ትምህርት ያቋረጥኩት ከስምንተኛ ክፍል ነው። ከዚያ ወዲህ ያለውን የተማርኩት ሰው ሊያባዛ ካመጣው ወረቀት ነው፤ የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ኑዛዜ፣ የሠርግ ጥሪ፣ የመድኃኒት መመሪያ። አፌ አይፈታም። ሰው ሲሰበሰብ ምላሴ ይተሳሰራል። በጽሑፍ ላይ ግን ስህተት አያመልጠኝም፤ ያን ያህል ጉራ ይፈቀድልኝ።

የአያ ፈንታሁን ጎሚስታ ቤት ከምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት አጠገብ ነው፤ የሚለየን አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ነው። ለምክር ቤት እወዳደራለሁ ያሉ ዕለት ሰፈሩ ሳቀ። «ፓርላማው ጎማ ፈንድቶበት ነው ሊለጥፉለት?» ብሎ ጌጡ ለሳምንት ቀለደባቸው። እሳቸው አልሳቁም፣ አልተቆጡምም። ወደ እኔ መጥተው «ጸሐፊው፣ የማስበውን ልንገርህና አንተ ጻፈው፤ የምናገረውን ሳይሆን የማስበውን» አሉኝ።

ሦስት ሳምንት ፈጀብን። እሳቸው ጎማ ከቸርኬው እያላቀቁ ይናገራሉ፣ እኔ የተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀምጬ እጽፋለሁ። ባልና ሚስት ሲጣሉ መጀመሪያ ሽማግሌ ይያቸው አሉ፤ «ዳኛው የት ይሄዳል? ነገም እዚያው ነው።» ትምህርት ቤት አጠገብ ቤቲንግ ቤትና ጫት ቤት አይከፈት አሉ። ዕድርንና ማኅበርን መንግሥት አደራጃለሁ ብሎ አይንካቸው፤ ሳይደራጁ ስንት ሰው ቀብረዋል አሉ። መመሪያ በየዓመቱ አይለዋወጥ አሉ፤ የፊተኛውን ተምረው ሳይጨርሱ ሌላ ይመጣባቸዋልና። ልጅ ለሽማግሌ ከመቀመጫው ይነሣ አሉ። «ይህ እንኳ በሕግ የሚጻፍ አይመስለኝም፣ አያ» ስላቸው አሰብ አደረጉና «እንግዲያው ተወው፤ እኔው ምክር ቤቱ ውስጥ ተነሥቼ አሳያቸዋለሁ» አሉ።

«ሁሉም ወጣት» ሲሉ «አንዳንድ ወጣት» እላለሁ፤ እንከራከራለን። ብዙ ጊዜ እኔ አሸንፋለሁ። ሚስታቸው ምሳ ሲልኩ ለሁለት ነው የሚልኩት። አባቴ ገና ልጅ ሳለሁ ነው የሞተው። ያቺን ሦስት ሳምንት ያህል ደስ ብሎኝ የሠራሁበት ጊዜ አላስታውስም። ሲያልቅ አራት ገጽ ሆነ፤ አተምኩትና አያ ፈንታሁን ከአየር መሙያው በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፉት።

ይትባረክ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ የእናቱ መኪና ጎማ ተንፍሶበት። ጎማው እስኪሞላ ቆሞ ግድግዳውን ማንበብ ጀመረ። አራቱንም ገጽ አነበበ።

«ይህን ማን ጻፈው?» አለ።

«እኛው ነና» አሉ አያ ፈንታሁን።

እኛ! አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ለሁለት ቀን እህል አልጣመኝም። እውነት ነው፣ ሐሳቡ የእሳቸው ነው፤ እሳቸውም የዋሹት ነገር የለም። ግን ጣታቸውን ወደ እኔ ቢቀስሩ ምን ነበረበት?

ይትባረክ በማግሥቱም መጣ፣ በሠልስቱም። ጽሑፉን ጮክ ብሎ አነበበው፤ እኔ የጻፍኩት መሆኑን እስክጠራጠር ድረስ አማረ። አንድ ቦታ ላይ «ሕግ ሲወጣ የሚመለከተው ሰው አስቀድሞ ይጠየቅ» ብዬ ነበር። እሱ እየሳቀ «ለምን ‹ሕግ ወደ ሰው ቤት ሲገባ በር ያንኳኳ› አንለውም?» አለ። አያ ፈንታሁን ጭናቸውን መቱ። ከእኔው ይልቅ የእሱ ያምር ነበር። መጥፎ ቢሆን ኖሮ ባልጠላሁት። ከዚያ ወዲህ ይትባረክ «ልጄ» ተባለ። እኔ እንደ ወትሮዬ «ጸሐፊው»። የምሳው ሳህን አሁንም ለሁለት ነበር የሚመጣው፤ እኔ ጾሜን ነኝ እያልኩ ወደ ማሽኔ እሄዳለሁ።

ለዕጩነት የሚያስፈልገውን የድጋፍ ፊርማ ማሰባሰቡም ለይትባረክ ተሰጠ። ቅጾቹን መያዝ ለእኔ።

ኮሶዬ የሄድነው ዐቢይ ጾም ከገባ በኋላ ነው። ብርዱ ጆሮ ይቆርጥ ነበር፤ ጉሙ ከገደሉ እየወጣ አስፋልቱን አቋርጦ ያልፋል፣ የጭነት መኪኖች መብራታቸውን አብርተው ይወርዳሉ። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ፊርማ ማስፈረም አይገባም ብዬ ያስጠነቀቅኩት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ብርቄ ዘንድ ተቀመጥን። ብርቄ ቅቅል ድንች በአዋዜና ስልጆ አቀረበችልን። ከቅዳሴ የሚመለሰው ሰው ጋቢውን ተከናንቦ መጣ፤ ቤቱ ሞልቶ ደጅ ተረፈ። ይትባረክ ከደጅ ድንጋይ ላይ ቆሞ ይናገራል። ውስጥ፣ ከጠረጴዛው፣ አያ መንገሻ ብዕር ይዘው መጻፍ ለማይችለው ስሙን ይጽፋሉ፤ እኔ አጠገባቸው ሆኜ ከመታወቂያው ላይ ቁጥሩን እገለብጣለሁ።

«ይህ ልጅ ሸጋ አንደበት አለው» አሉ አያ መንገሻ ወደ ደጅ እያዩ። «ፈንታሁን፣ የማን ልጅ ነው?»

«የእኔ ነው ይበሉት» አሉ አያ ፈንታሁን፤ ፊታቸው በርቶ ነበር።

«ይህስ ዝምተኛው?»

«እሱ ይጽፋል።»

ብርቄ ስታልፍ ሰማችና «እንኳን ጻፈ፤ ያ ተናግሮ ይህም ቢናገር ድንቹን ማን ሊበላልኝ ነው!» አለች። ሁሉም ሳቀ። እኔም የሳቅኩ መሰልኩ። ለመደበቅ ፊቴን ወደ ወረቀቱ ደፋሁ፤ ያኔ ነው ያየሁት።

ከፊቴ የተቀመጠው መታወቂያ «ደረጀ» ይላል። አያ መንገሻ የጻፉት «ወልደ ሰንበት» ነው። ከላዩ ያለው ወልደ ገብርኤል፣ ከዚያ በላይ ወለተ ኪዳን፣ አመተ ማርያም። ገጹን ገለበጥኩ። ሁሉም የክርስትና ስም ነው። ሽማግሌው ለማኅበሩ ስም ሲይዙ እንደለመዱት «ስመ ክርስትናህ?» እያሉ ነበር የሚጠይቁት፤ ሕዝቡም ከቅዳሴ እንደወጣ ነውና ሳያመነታ ይሰጣል። እኔ በቁጥሩ ተጠምጄ ጆሮዬን አልሰጠሁም ነበር። አንዲት ሴት «በዓለም ስሜ ነው አባቴ?» ስትላቸው «የዓለም ስም ለገበያ ነው፤ ይህ የአገር ጉዳይ ነው» ሲሏት ግን አሁን ሰማሁ።

ባዶ ቅጽ ገና ብዙ ነበረኝ። ሰዉም እዚያው ነው፤ አልተበተነም። «አያ መንገሻ፣ እንደ መታወቂያው ነው የሚባለው» ማለት ብቻ ነበር። ስህተት አያመልጠኝም አላልኩም? አፌን ከፈትኩ። ልክ በዚያች ቅጽበት ደጅ ያለው ሕዝብ አጨበጨበ፤ ይትባረክ በር ስለሚያንኳኳው ሕግ ተናግሮ ነበር። አያ ፈንታሁን እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ።

አፌን መልሼ ዘጋሁት። ፊርማ የማስፈረሙ ኃላፊ እሱ ነው፣ እሱ ይየው አልኩ በልቤ። ቁጥሩን መገልበጤን ቀጠልኩ፤ አንድም ቁጥር አላሳሳትኩም።

ስንመለስ ቅጾቹ ጭኔ ላይ ነበሩ። ጌጡ ይነዳል፣ ይትባረክ ደክሞት እንቅልፍ ወስዶታል። አያ ፈንታሁን ከፊት ወንበር ዞሩና «ጸሐፊው፣ ቅጹን አየኸው?» አሉኝ።

«ይትባረክ ነው ያስፈረመው፤ እሱን ይጠይቁት» አልኳቸው።

«እሱንማ ለመናገር ነው ያመጣሁት። ወረቀት የማምነው በአንተ ዓይን ነው። ልክ ነው ወይ?»

ይህን ቃል ለመስማት ስንት ቀን ስቃጠል ነበር! ከእኔ ወስዶታል ያልኩት ቦታ ለካ አልተነካም፤ ሰውየው ለሁለታችንም የየራሳችንን ሰጥተውን ነበር። ያኔ እንኳ መናገር እችል ነበር፤ መኪናውን አዙሩት ማለት እችል ነበር። ግን የተኛውን ልጅ አየሁት። አያ ፈንታሁን ጋቢያቸውን አልብሰውታል።

«ልክ ነው» አልኩ።

ሰኞ ቀኑን ሙሉ አጠገባቸው ዋልኩ፤ አልተናገርኩም። ማክሰኞ የማስገቢያው የመጨረሻ ቀን ነበር። የተቀበለችን የምርጫ ቢሮ ሠራተኛ ትሑት ሴት ነበረች። የመጀመሪያውን ገጽ ከመታወቂያ ቁጥሮቹ ጋር አስተያየች፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። ከዚያ መነጽሯን አወለቀች።

«አባቴ፣ እነዚህ የክርስትና ስሞች ናቸው። እንዲህ ልቀበልዎ አልችልም። ዛሬ ደግሞ ያበቃል።»

ይትባረክ ወረቀቱን ነጥቆ አየ። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ። «ንግግሬ ጣፍጦኝ ዞር ብዬ እንኳ አላየሁትም። እኔ ነኝ ያበላሸሁት፣ አባባ።» ደጅ ስንወጣ ከግንቡ ሥር ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

አያ ፈንታሁን አጠገቡ ተቀመጡ፤ በዚያ ሁሉ የጎማ ጥላሸት የጠቆረ እጃቸውን ማጅራቱ ላይ አሳረፉ። «ተው፣ ልጄ። ሰው ለእግዜር የሚሰጠውን ስም ለእኔ ሰጠኝ። ምክር ቤት ብገባ ከዚህ የበለጠ ምን አገኝ ነበር?»

እኔ የተመለሱብንን ቅጾች ይዤ ትንሽ ራቅ ብዬ ቆሜያለሁ። የተሰማኝን ልናገር፤ ካልተናገርኩት ይህን ሁሉ የጻፍኩት በከንቱ ነው። ጸጸት አልነበረም፤ እሱ የመጣው በኋላ ነው። ቀናሁ። ባልሠራው ጥፋት ማጅራቱን ስለተዳበሰ ቀናሁበት። ጥፋቱ እንኳ በስሙ ሆነ፤ እኔ እዚያም አልተቆጠርኩም።

አያ ፈንታሁን ዳግመኛ አልተወዳደሩም። አሁንም ጎማ ይጠግናሉ፤ ዕድሜያቸው ገፍቶ ቸርኬውን የሚያነሳላቸው ሌላ ሰው ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ «ጸሐፊው» ብለው ጠርተውኝ አያውቁም፤ በስሜ ነው የሚጠሩኝ። ያወቁት ነገር ይኑር አይኑር ጠይቄያቸው አላውቅም። ይትባረክ ተመርቆ ሌላ ከተማ ሄደ፤ የውል ወረቀት ያዘጋጃል አሉ። እናቱ አንድ ቀን ሰነድ ልታባዛ መጥታ «ያን አንደበት ይዞ ፍርድ ቤት አልቆምም አለኝ እኮ፤ ሰው ፊት ስናገር ነገር ይበላሽብኛል ይላል» ስትለኝ ማሽኑን መነካካቴን ቀጠልኩ። ቅናት የሚበላው ባለቤቱን ነው ሲባል እሰማለሁ። የእኔ እኔን ብዙም አልበላኝም፤ ይኸው ሥራዬን እሠራለሁ፣ እበላለሁ። የበላው የሁለት ሰው ነገር ነው፤ የአንዱን የምክር ቤት ወንበር፣ የሌላውን ድምፅ።

ይትባረክ፣ ይህ ጽሑፍ ከደረሰህ፣ ስሞቹን አይቻቸው ነበር። አንተ አላበላሸኸውም። ስምህን እዚህ ስጽፍ አሁንም እንደምቀናብህ አልደብቅህም፤ ግን እውነቱ ይህ ነው። ለአያ ፈንታሁን ነገ ጠዋት እኔው አነብላቸዋለሁ።

እዚያ የነበራችሁ የጎደለውን ሙሉልኝ። አያ መንገሻ፣ መጀመሪያ የተጻፈው የማን ስም ነበር? ብርቄ፣ ወረቀቱን ስገለብጥ ከኋላዬ ቆመሽ ነበር ወይስ ሌላ ሰው ነው? ጌጡ፣ አንተ ደግሞ «ልክ ነው» ስል በመስታወቱ ታየኝ ነበር፤ ዓይን ለዓይን ተገጣጥመናል። ያኔ ፊቴ ምን ይመስል እንደነበር ያየኸው አንተ ብቻ ነህ። ሳታሳምርልኝ ጻፈው።