የአባዬ አውራ ጣትና የካሴት ጌሙ

እልኸኛ ነኝ። እናቴ ስትናደድብኝ «የአባቷ ልጅ!» ትለኛለች፤ መሳደቧ ነው። ስለዚህ ታላቅ ወንድሜ «ድሩን ቆርጠን የሽመና ዕቃውን እናንሳ፣ ክፍሉም ይከራይ» ሲል ዘልዬ ተነሣሁ። «በቁሜ አይቆረጥም!» አልኩት።

አባዬ ሽሮ ሜዳ ሲሸምን ያረጀ ሰው ነው። ስትሮክ የመታውም እዚያው ዕቃው ላይ እንደተቀመጠ፣ ግማሽ የደረሰ ነጠላ ፊቱ ተወጥሮ ሳለ ነው። እግሩ ተመለሰለት፣ አንደበቱም ተፈታ፤ ቀኝ እጁ ግን አልታዘዝ አለው። ማጉን በድሩ መሀል የሚያሳልፈውን መወርወሪያ የሚወረውረው ደግሞ በቀኙ ነው። ሐኪሟ ጣቶቹን ካላሠራቸው እየደረቁ እንደሚሄዱ ነግራው የምትጨመቅ ኳስ ሰጠችው። እሱ ኳሷን መስኮት ላይ ወርውሮ ዞር ብሎም አላያት። «ሽማግሌ ሰው ኳስ ጭመቅ ይባላል? ኧረ ተዉኝ!» ጠያቂ መጥቶ «አይዞህ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ሲለው ደግሞ «እንቁላሉ እኔ ነኝ?» ይላል።

ወንድሜ ክፉ ሆኖ አይደለም። አባዬ ያንን ግማሽ ነጠላ እያየ ከሚቃጠል አንዴ ተቆርጦ ይውጣለት ብሎ ነው። አባዬም ሲጠየቅ ዝም አለ። እኔን ያናደደኝ ዝምታው ነው።

በዚያ ንዴት መሀል ጌሙ ትዝ አለኝ።

ልጆች ሳለን አክስታችን ከአረብ አገር ያመጣችልን የካሴት ጌም ነበረን። ጃፓኖች የሠሩትን ቻይናዎች ገልብጠውት፣ ግልባጩ በሻንጣ ታጭቆ ጉለሌ የደረሰ ነው። ካሴቱ ላይ የጌም መዓት ተጽፏል፤ ስንከፍተው ያው አንዱ ጌም ስሙን እየለወጠ ይመጣል። እኛ የምንወደው የታንኩን ነበር፤ ሁለት ሰው አብሮ ሆኖ ጠላት የሚመታበትን። አባዬ መጀመሪያ «የሥራ ፈት ዕቃ» ብሎ ናቀው። አንድ እሑድ ከቁስቋም ሲመለስ ግን በሩ ላይ ቆሞ አየና «ይሄ እኮ ጥለት ነው!» አለ። እውነቱን ነው፤ ታንኩም የጡቡ ግንብም ተቆጥሮ የተደረደረ ትንንሽ አራት ማዕዘን ነው። ከዚያ ወዲያ ጆይስቲኩን ከእጁ የሚያስጥለው ጠፋ። የጡቡንም ግንብ በቀይና በአረንጓዴ ክር ጥለት አድርጎ ሠራው። ሴቶቹ ወደዱት፤ ለብሰውት ቤተ ክርስቲያን ሲስሙ ከየት እንደመጣ የምናውቀው እኛ ብቻ ነበርን።

እንግዲህ የታንኩ ጌም በግራ አውራ ጣት ይነዳል፣ በቀኝ አውራ ጣት ይተኮሳል። እኔም የፈለግሁት ይህንኑ ነበር።

ከቁም ሣጥኑ ላይ አወረድኩት፣ አልነሳም አለ። አንዱ ጠጋኝ «ቦርዱ ሞቷል» አለኝ። ሌላው ጭራሽ ሳቀብኝ፤ «እህቴ፣ ይሄንንማ ሙዚየም ውሰጂው።» እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባል የለ? ቤት ገብቼ ራሴ ብሎኑን ፈታሁት። ካሴቱ የሚሰካበትን ቀዳዳ ሳይ ብቻዬን በሳቅ ሞትኩ። ጥጥ! የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ካሴት እምቢ ሲለው እፍ ይላል። እኛ ቤት እፍ ማለት ክልክል ነበር። አባዬ «ምራቅ ያዝገዋል፣ በጥጥ ጥረጉት» ስላለ፣ ከዕቃው ሥር የወደቀ ብጥስጣሽ ማግ እያነሣን ስንጠርግ፣ ካሴቱም ብናኙን ይዞ ሲገባ፣ ቀዳዳውን ትራስ አድርገነዋል። በወረንጦ እየለቀምኩ አወጣሁት። የቴሌቪዥናችን ጀርባ ደግሞ የጌሙ ቢጫ ገመድ የሚገባበት ቀዳዳ አለው፣ ተመስገን። ሰካሁት። ያ ሙዚቃ መጣ! እሪ አልኩ።

አባዬ ከአልጋው ቀና አለ። «ይሄ ደሞ አልሞተም እንዴ?»

«ጥጥ አንቆት ነው እንጂ አልሞተም። ና፣ ተቀመጥ።»

ጆይስቲኩን አስያዝኩትና ቀኝ አውራ ጣቱን መተኮሻው ላይ አሳረፍኩለት። በግራው ይነዳል፤ ታንኩ ወዲያ ወዲህ ይሸሻል፣ አይተኩስም። ተመታ። ደገምን፣ ተመታ። ልረዳው እጄን ስሰድ «እጅሽን አንሺ!» ብሎ ጮኸብኝ። ደስ አለኝ። ኳሷ ላይ እንዲህ አልጮኸም ነበር። በማግስቱም፣ በሳልስቱም ሥራ ከመሄዴ በፊት ተቀመጥን። ጣቱ አልታዘዝ አለ፤ እኛም አልተውነውም።

ቅዳሜ ወንድሜ መቀስ ይዞ መጣ። «አባዬ፣ ልቁረጠው?» አለ። እኔና አባዬ ጆይስቲክ ጆይስቲካችንን ይዘን ጌሙ ላይ ነን። የአባዬ ዓይን አውራ ጣቱ ላይ ተተክሏል፣ ከንፈሩን ነክሷል፣ ላቡ ይወርዳል። እኔም ጠላቱን ትቼ ጣቱን አያለሁ። ተንቀጠቀጠ። ቆመ። እንደገና ተንቀጠቀጠ።

ጠቅ!

ጥይቷ ወጣች፣ ቀጥታ ሄዳ የኔን ታንክ መታች። በዚህ ጌም ወዳጅህን ከመታኸው ደንዝዞ ይቀራል፤ እኔም ደንዝዤ ቀረሁ።

«አባዬ! እኔን እኮ ነው የመታኸኝ!»

አልሰማኝም። ጣቱን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ያየዋል፤ እንባው በጉንጩ ላይ ይወርዳል። ከዚያ ዞር ሳይል ወንድሜን ተናገረው።

«መቀሱን ቦታው መልስ። ነጠላው ገና ግማሹ ነው።»