ዋቢ ያልተጠራበት ቤት

በዛች ቤቷን ለማሳደስ ስትነሳ ጎረቤቷ ፈንታዬ አጥብቃ መክራት ነበር። «ዋቢ ይጠራ። ብሩንም ስትሰጪ ሠራተኞቹ ፊት ስጪ።»

በዛች ሳቀችባት። «ወንዱን ልጄን ክርስትና ያነሳ ሰው ዋቢ ጥራ ልበለው? አላፍርም?»

አበልጇ እንዳልካቸው በመካነ ሰላም የታወቀ ግንበኛ ነው። ሥራውን ጠቅልሎ ያዘና ለሳኙን ሁዜይፋንና ኮርኒስ የሚሠራውን ቢሻውን ራሱ ቀጠረ። ብሩን ሪያድ ሰው ቤት የምትሠራው ልጇ መቅደላዊት ትልካለች። በዛች ከባንክ አውጥታ፣ አበልጇን ጓዳ አስገብታ በእጁ ትሰጠዋለች። ወረቀት የለ፣ ምስክር የለ።

«ለልጆቹ እየከፈሏቸው ነው አይደል አበልጄ?»

«እንዴ! በርስዎ ቤት የሰው ላብ ልበላ?»

እንዲህ ሲላት የምታፍረው እሷ ነበረች።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ሁዜይፋ አንድ ጠዋት የሥራ ልብሱን ሳይለብስ መጣ።

«እትዬ በዛች፣ እንዳልካቸው ‹እሷ አልሰጠችኝም› ይለናል። ስንት ሳምንት እንታገሥ?»

«እኔ? ሁሉንም ከፍዬ ጨርሻለሁ እኮ!»

«ወላሂ፣ ለኔም ለቢሻውም አንድ ብር አልደረሰንም። የርስዎ ቤት ነው ብለን ነው ዝም ያልነው።»

የእንዳልካቸው ስልክ ዝግ ነው። ወረኢሉ የሌላ ቤት ሥራ ይዟል ሲሏት በማግስቱ ተሳፈረች። እሱም አልተደበቀም፤ ከመሰላሉ ወርዶ ጉልበቷን ሳመ።

«አበልጄ፣ በብርዎ ለዚህ ቤት ብረት ገዛሁበት። ባለቤቱ ሲከፍለኝ እመልሳለሁ ብዬ ነበር። እሱ ደግሞ ይኸው ድምጹ ጠፋ።»

አንቃ ልትይዘው የሄደችው ሴት ስትለምነው ዋለች። ሲመሽ ባዶ እጇን ተመለሰች።

ለሽማግሌዎች ነገረቻቸው። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ዋቢው ማነው?» የሚል ሆነ። «አልጠራሁም» አለች። «እንግዲህ ማንን እንያዝልሽ? ልጆቹ የሚያውቁት ያንቺን ደጅ ነው» አሏት።

የቀራት መቅደላዊት ነበረች። ደወለችላት። ገና አፏን ሳትከፍት ልጅቱ ቀደመቻት።

«እማዬ፣ ውሌ አልቋል፤ ማዳሜም አላድስልሽም ብላኛለች። በሚመጣው ወር እገባለሁ። ቤታችን አለቀ አይደል?»

«አልቋል» አለች በዛች።

በነጋታው ሁዜይፋን አስጠራችው። አዲሱን የብረት በር አሳየችውና ነቅለህ ሽጠው አለችው።

«ኧረ እትዬ! መቅደላዊት ስትመጣስ?»

«ልጆችህ እሷ እስክትመጣ ጦማቸውን ይደሩ? ንቀል።»

«የኔን ግማሽ እንኳ አይሸፍንም እኮ።»

«አውቃለሁ።»

በሩን ሁለቱ ተጋግዘው ጋሪ ላይ ጫኑት። ሁዜይፋ በገዛ እጁ ለስኖት የነበረው ግድግዳ በመዶሻው ተሸርፎ ቀረ። «አብሽሩ እትዬ» አለ፤ ዓይኗን ግን ማየት አልቻለም።

ጋሪው ከግቢ ሲወጣ ቢሻው አጥሩ ሥር ቆሞ ነበር። መቼ እንደመጣ አላየችውም። ቆቡን አውልቆ በእጁ ይጨምቃል።

«እትዬ፣ ለኔስ ምን ቀረ?»

በዛች በር ወደሌለው ቤቷ ዞረች። ውስጥ፣ አዲሱ ኮርኒስ ነጭ ሆኖ ይታያል።

«ግባ» አለችው። «መሰላሉ ጓሮ ነው።»