የዱቄት ከረጢት ሸሚዝ

የኮሮናው ሎክዳውን ሱቃችንን ካዘጋው ሁለት ሳምንት ሆኖታል። በስደት በምኖርበት ቤሪያ ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጬ ከዱቄት ከረጢት ማስክ እሰፋለሁ። ጽሑፉን ወደ ውስጥ ገልብጬ መርፌውን ስሰካ፣ የጨርቁ ሽታ ቀስ አድርጎ ወዳደግኩባት ከተማ ወደ ሆሳዕና ወሰደኝ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ለአብዮት በዓል ሰልፍ ነጭ ሸሚዝ ልበሱ ስለተባልን፣ ልብስ ሰፊዋ አክስቴ ለሰፈሩ ልጆች ሁሉ ከአሜሪካ የእርዳታ ዱቄት ከረጢት ሰፋችልን። የአሜሪካ ስም ያለበትን ሰማያዊ ጽሑፍ ወደ ውስጥ አደረገችው። አዲሱን ሸሚዜን ስለብሰው ዱቄት ዱቄት ይሸተኝ ነበር።

ማጭድና መዶሻ ያለበትን ባንዲራ ይዘን «ኢምፔሪያሊዝም ይውደም» እያልን ስንሄድ ካፊያ ጀመረ። ከፊቴ ያለችው ልጅ ሸሚዝ ከጀርባዋ ተጣበቀ፤ ሰማያዊዎቹ ፊደሎች፣ ከውሃ ውስጥ እንደሚወጡ ሁሉ፣ አንድ በአንድ ብቅ አሉ። የእኔም እንደዚያው መሆኑ ገባኝ። የቀበሌው ካድሬ ከኋላችን ነበር።

ከመንገዱ ዳር የቆመችው አክስቴ ጠጋ ብላ፣ «ጀርባሽን አንቺ አታዪው። ዞር ሳትዪ ሂጂ» አለችኝ።

ካድሬው አይቶ አልፎን ይሁን ጭራሽ ሳያየን ቀርቶ፣ እስከዛሬ አላውቅም።

ክሩን በጥርሴ በጠስኩና ማስኩን አጠለቅኩት። ትንፋሼ ወዲያው አረጠበው፤ ፊደሎቹ ብቅ ሳይሉ አልቀሩም። መስታወቱ በሩ አጠገብ ነው። ዞር ሳልል ወደ ዳቦ ሰልፍ ወረድኩ።