ዳግማዊትና የጨዋታው ፊደል

ዳግማዊት ሰይፈ ሥላሴ ወንበር ላይ ተረጋግታ ስትቀመጥ አይቻለሁ የሚል ሰው ላሊበላ ውስጥ አይገኝም። ልጅ ሳለች በቅዳሴ ሰዓት እናቷ የነጠላዋን ጫፍ ከራሳቸው ነጠላ ጋር ቋጥረው ነበር የሚያቆሟት ይባላል። ይህችው ልጅ ወልድያ ኮምፒውተር ተምራ ስትመለስ ያገኘችው ሥራ ግን ቁጭ ብሎ መጠበቅ ሆነ፤ ከተማው ዳር ባለ አንድ ሆቴል እንግዳ ተቀባይነት።

እንግዳው ደግሞ አልመጣም። መጀመሪያ በሽታው፣ ቀጥሎ ጦርነቱ፣ ከዚያም የመንገዱ ነገር እያለ የጎብኚው እግር ተቆረጠ። የሆቴሉ ባለቤት እትዬ ስሜነሽ፣ "በሩን ከዘጋን የመጣውም ይመለሳል፤ አንቺ ብቻ ቁጭ በይ" አሏት። ለዳግማዊት ቁጭ ከማለት ድንጋይ መፍለጥ ይቀላል። የክፍል ቁልፎቹን ትደረድራለች፣ በረንዳ ወጥታ ወደ አሸተን ማርያም ተራራ ታንጋጥጣለች፣ ተመልሳ የደረደረችውን ታፈርሳለች።

ጨዋታውን የተወላት አንድ አላፊ እንግዳ ነው። ስትቁነጠነጥ ሲያያት ሰንብቶ፣ ሊሄድ ሲል በእንግዳ መቀበያው ኮምፒውተር ላይ ጫነላት። ስትከፍተው ኮምፒውተሩ የተበላሸ መሰላት፤ ስክሪኑ የድሮ ዘመን ኮምፒውተር ሆኖ ቁጭ አለ። ግራጫ መስኮቶች፣ ጥርሳም ፊደል፣ ጥግ ላይ የቆሻሻ ቅርጫት። ጨዋታው እሱው ነው። እያንዳንዱ ፎልደር ዋሻ ነው፤ ሲከፈት ክፍልና መተላለፊያ ይሆናል፣ ውስጡም ጠላት አድፍጧል። ተጫዋቹ አንዲት ትንሽ ጦረኛ ይዞ ከፎልደር ወደ ፎልደር ይወርዳል፤ መሣሪያ ይሰበስባል፣ ጉልበት ያካብታል። አንዴ ከሞተ ግን ያካበተው ሁሉ ይጠፋል። ከመጀመሪያው ሲጀምርም ዋሻዎቹ ተቀያይረው ይጠብቁታል፤ ትናንት ያጠናው መንገድ ዛሬ አይሠራም። ዳግማዊት ከእሷ የባሰ የማይረጋ ነገር ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ምስጋኑ ተደረበ። ምስጋኑ ሥራ የፈታ አስጎብኚ ነው፤ ጣልያንኛና ፈረንሳይኛ እንደ ውኃ ይጠጣል፣ እንግሊዝኛ ማንበብ ላይ ግን ይንተባተባል። ሰው በአብያተ ክርስቲያናቱ የጨለማ መተላለፊያ ሲመራ የኖረ ነውና በጨዋታውም ውስጥ ግድግዳ እየታከከ ቀስ ይላል። እሷ ትሮጣለች፣ ትሞታለች።

"እዚህ ጋ ምን ይላል ዳጊ?"

"'ይህን ፋይል መሰረዝ ይፈልጋሉ?' ይላል።"

"አዎ ልበለው?"

"ፋይሉ አንተ ነህ እኮ!"

ምስጋኑ ግን ቀድሞ ተጭኖት ነበር። ጦረኛዋ ከነሰይፏ ብን ብላ ጠፋች። ሳቃቸው እትዬ ስሜነሽን ከጓሮ ጠራቸው።

ያን ዕለት ነው አማርኛ ቢሆንስ የሚለው ሐሳብ የያዛት። ለጨዋታው ሠሪ ጻፈችለት። ብቻውን የሚሠራ ሰው ነበር፤ ደስ ብሎት መለሰላት፤ "ቃላቱን እልክልሻለሁ፤ ግን የጨዋታዬ ፊደል በነጥብ በነጥብ የተሣለ ነው፣ የእናንተ ፊደል የለኝም። ከሣልሽው አስገባዋለሁ" አላት።

ከሣልሽው ማለት ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ ፊደል የተሰጣት ቦታ ጣት የማያስገባ፣ በጥቂት ነጥብ የሚሞላ ጠባብ ሳጥን ነው። በ እና ተ እሺ አሉ። ጨ ግን እግሩን የሚዘረጋበት አጣ፤ ቋ ጭራሽ ጉንዳን መሰለ። ሆቴል ስትሠራ ውላ ቤትም ይዛው ትገባለች፤ እየተነሳች፣ እየዞረች፣ ሽንኩርት እየከተፈች ጭምር ነጥብ ታስባለች።

አባቷ መሪጌታ ሰይፈ ሥላሴ ብራና ጸሐፊ ናቸው። አንድ እሑድ ከቅዳሴ ሲመለሱ በሳጥን ሳጥን የተከፋፈለውን ወረቀቷን አንስተው አዩት።

"ፊደሉን ምን አድርገሽው ነው? ከስቷል እኮ።"

"ቦታው ጠባብ ነው አባባ። ከዚህ በላይ ነጥብ አይፈቀድልኝም።"

"ይሁን። ኀ የታለች? ሠ የታለች?"

"ትቻቸዋለሁ። ድምፃቸው አንድ፤ ለጨዋታ ምን ያደርጋሉ? ሥራ ማብዛት ነው።"

መሪጌታ መነጽራቸውን አወለቁ። "እስቲ ስሜን ጻፊበት።"

ሰይፈ ስላሴ ብላ ጻፈች።

"ይህ ማን ነው?"

"እርስዎ ነዎታ!"

"እኔ አይደለሁም። ይህን ሰው አላውቀውም" አሉና ትተዋት ገቡ።

ዳግማዊት በንዴት ግቢውን ስትዞር ዋለች። እልህ ያዛትና ሠን ሳትሥል ቀጠለች።

ሥራው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው አንድ ቀን ረፋድ ላይ የሄደ መብራት በኃይል ተመለሰ። አምፖሉ ቦግ አለ፣ የሆቴሉ ኮምፒውተር ጧ ብሎ ጭስ ተፋ። ፊደሉ በሙሉ ያለው እዚያ ውስጥ ብቻ ነበር። ሁልጊዜ ነገ እገለብጠዋለሁ ትል ነበር። ወረቀቶቹም ቢሆኑ እያረመች የቀደደቻቸው ናቸው።

ምስጋኑ ሊያጽናናት ፈልጎ፣ "በቃ ሞትሽ ማለት ነው፤ ከመጀመሪያው!" አላት።

አልሳቀችም። ቁልፎቹን ለእትዬ ስሜነሽ አስረከበች። ቤት ገብታ ልብሷን ሻንጣ ውስጥ ጠቀጠቀችና "አዲስ አበባ እሄዳለሁ" አለች። እናቷ አለቀሱ። አባቷ ከብራናቸው ቀና ሳይሉ "እግዚአብሔር ይከተልሽ" አሉ።

ሚኒባሱ ጋሸና መገንጠያው ላይ አወረዳት። ወደፊት የሚሄድ መኪና የለም፤ መንገዱ ለዛሬ ተዘግቷል ተባለ። በቆሙት አይሱዙዎች መሃል ከአንዱ ምግብ ቤት ወደ ሌላው ስትመላለስ ቆይታ፣ ስልኬን ቻርጅ ላድርግ ብላ አንዲት ፎቶ ኮፒ ቤት ገባች። ባለቤቷ አገሬ የምትባል የእሷ እኩያ ናት። ኮምፒውተሯ እምቢ ብሏት ሰልፍ የያዙ ሾፌሮች ይጮኹባታል። ዳግማዊት ሳትጠየቅ ባንኮኒውን ዞራ ገባችና ኮምፒውተሩን አስነሳችው።

"የት ነሽ እስካሁን?" አለች አገሬ፣ ላቧን እየጠረገች።

ያን ቀን እያገዘቻት ዋለች፣ እሷው ቤት አደረች። በማግስቱ መንገዱ ተከፈተ። ዳግማዊት ግን ደንበኛ እስኪመጣ ድረስ ብላ በአገሬ ኮምፒውተር አንድ ፊደል ሣለች። እጇ አልረሳውም፤ እንዲያውም ጨ ከድሮው ያማረ ሆኖ ወጣ። አውቶቡሱ ጥሩምባውን ነፋ፣ አለፈ። "ነገ እሄዳለሁ" አለች። አገሬም "ነገ ሂጂ" አለቻት። እንዲህ ሲባባሉ ክረምቱ ገባ።

አንድ ቀን ከሠ ላይ ደረሰች። ብትተወው ማንም አይጠይቃትም። እጇ ግን አላልፍም አላት፤ ብትሥለው ደግሞ መሃሉ እየተደፈነ ጥቁር ድንጋይ ይሆንባታል። ሣለች፣ አጠፋች፣ ውጪ ወጥታ ተመለሰች። በመጨረሻ ስልኩን አነሳች።

"አባባ፣ ሠ ጠባብ ቦታ ውስጥ እንዴት ይገባል?"

 መሪጌታ፣ "ሦስቱንም ጣት እኩል አታቁሚያቸው። የመሃሉን አሳጥሪው፤ ይተንፍስ" አሉ። ከዚያ፣ "አዲስ አበባ ብርዱ እንዴት ነው?"

"ጋሸና ነኝ።"

"ጋሸና ምን ትሠሪያለሽ?"

"ፊደል።"

"በልተሻል?" አሉ መሪጌታ።  የዚያኑ ሳምንት እናቷ በሚኒባስ ሾፌር በኩል ድርቆሽ ላኩላት።

ፊደሉንና የተረጎመቻቸውን ቃላት ለሠሪው ላከች፤ ጨዋታው በአማርኛ የወጣው ዝናቡ ጋብ ሲል ነው። አገሬ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ውስጥ ከፈተችው፤ ኮፒ የሚጠብቁት ሾፌሮች ከበቡት። አረጋ የሚባለው የአይሱዙ ሾፌር ማውሱን ያዘና መስኮቶቹን ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። "የቆሻሻ ቅርጫቱ ተቆጥቷል! ኧረ በላሊበላ! ምን አድርጌው ነው?" ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ዳግማዊት ከኋላ ቆማ የሚስቁትን ሳይሆን ፊደሉን ነበር የምታየው። ድንገት አንዲት ቧ እግሯን ስታ አየቻት።

"ዝጋው! ዝጋው፣ ስህተት አለ!"

"ተይኝ እንጂ፣ ገና አሁን ሰይፍ ማግኘቴ ነው!"

አላስነካ አላት። አረጋ እስኪሞት መጠበቅ ነበረባት፤ እሱ ሲሞት ደግሞ ሌላው ተተካ። ዳግማዊት ደጃፉን በእርምጃ ስትለካው ዋለች፤ ሰዉ ሲበተን ቧን አቃንታ ለሠሪው ላከች።

ሠሪው ለሌሎች ጨዋታ ሠሪዎች ስሟን ነገረላት፤ ሥራ መጣላት። በጥቅምት ከአገሬ ጋር ተላቅሳ ደሴ ወረደች፣ ክፍል ተከራየች፣ ኮምፒውተር ገዛች። አሁን እዚያ ናት። ግን ሰሞኑን ስለ ባሕር ዳር ማውራት ጀምራለች።