ከጓዳ ዓምድ የጠፉት ጸሐፊ

እናቴ ከሞተች በኋላ ሥራዬን እንደወትሮው እሠራ ነበር። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሰው ሲያጽናናኝ «አሜን» እላለሁ። ከዚያ በላይ የሚሰማኝ ነገር አልነበረም። ስለተረሱ የጋዜጣ ዓምደኞች ጽሑፍ እንዳዘጋጅ አንድ መጽሔት ሲጠይቀኝም ቀን የሚያሳልፍልኝ ነገር ስላገኘሁ ብቻ እሺ አልኩ።

ቤተ መጻሕፍት ገብቼ የቆዩ ጋዜጦች ሳገላብጥ አንዲት ሴት «ጓዳ» በሚል ዓምድ በየሳምንቱ ስለ ምግብ ይጽፉ እንደነበር አየሁ። የተወለዱት አሰላ ነው። ስለ አርሲ ገብስ፣ ስለ ቅቤ አነጣጠር፣ ስለ ጾም ወጥ ይጽፋሉ፤ አጻጻፋቸው ጎረቤት የሚያዋሩ ነው የሚመስለው። ዓመታት ከጻፉ በኋላ አገሩን የመታው ድርቅ በገባበት ሰሞን ዓምዱ ድንገት ይቆማል። ባለሥልጣን አስቀይመው የተባረሩ መሰለኝ። አብሯቸው የሠራ አንድ ጡረተኛ አራሚ ፈልጌ ጠየቅሁ።

«ማንም አላባረራትም» አለኝ። «አሁን አገሯ ገብታለች። በሕይወት ካለች አሰላ ታገኛታለህ።»

በማግስቱ ተሳፈርኩ። ዴራ ላይ ሙቀቱ መስኮት ያስከፍታል፤ ሽቅብ ስንወጣ ሁሉም መስኮቱን ዘጋ። የጭላሎ ተራራ በደመና ተሸፍኗል። ገበያው ዳር ያለ ባለሱቅ ቤታቸውን አሳየኝ። ጋቢ ደርበው ደጃፍ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። አብራቸው የምትኖረው የእህታቸው ልጅ በርጩማ አመጣችልኝ።

«ማን ላከህ?» አሉኝ።

«ማንም አልላከኝም፣ እትዬ። ጽሑፎችዎን አንብቤ ነው።»

«እኔ ረስቻቸዋለሁ።»

ለምን እንዳቆሙ ጠየቅኳቸው። የሌላ ሰው ታሪክ እንደሚያወሩ ሆነው ነገሩኝ። በድርቁ ጊዜ ዘጋቢ ስላነሰ እሳቸውንም ወደ አንድ የረሃብተኞች መጠለያ ላኳቸው። እዚያ አንዲት ሴት አጠገባቸው ተቀምጣ ሥራቸውን ጠየቀቻቸው።

«መዋሸት አቃተኝ» አሉ። «ጋዜጣ ላይ ስለ ምግብ እጽፋለሁ አልኳት። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር፤ አልተቆጣችም። ‹እስኪ ንገሪኝ› አለችኝ።»

«ምን ነገሯት?»

«ጭኮ። ገብሱ እንዴት እንደሚቆላ፣ እንዴት እንደሚፈጭ። ሌሎቹም ጠጋ ብለው መስማት ጀመሩ። ቅቤው ላይ ስደርስ አቆምኩ። ‹ቀጥዪ› አለችኝ፤ ቀጠልኩ። እስከ መጨረሻው ነገርኳት።»

«ከዚያስ?»

«ጠዋት ስመጣ ቦታዋ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል። ማንንም ሳልጠይቅ አለፍኩ።»

አዲስ አበባ ተመልሰው ለዓምዱ ሊጽፉ ሲቀመጡ እጃቸው አልታዘዝ አላቸው። አለቃቸውን ሌላ ሥራ ጠየቁ፤ ማስታወቂያ ክፍል ተዛወሩ። የጨረታና የጠፋ ሰነድ ማስታወቂያ እያስተካከሉ ጡረታ ወጡ።

ይህን ሁሉ ጻፍኩ። ማልቀስ እንደሚገባኝ አውቄያለሁ፤ እንባዬ ግን አልመጣም።

«ኮቱ» ብለው የእህታቸውን ልጅ ነይ ሲሉ በኦሮምኛ ጠሯት። ጭኮ በሳህን ይዛ መጣች። ቆረስኩና ጎረስኩ፤ ቅቤው ጣቴ ላይ ቀረ፣ ጣዕሙ ግን አልመጣልኝም። እሳቸው አፌን ያያሉ።

«ማን ሞቶብህ ነው?» አሉኝ።

እንዴት እንዳወቁ አልጠየቅኩም። «እናቴ» አልኩ።

«እግዜር ያጥናህ» ብለው ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። የቀረውን በልቼ ጨረስኩ።

ጽሑፉን ለመጽሔቱ ሳስረክብ አዘጋጁ ለበዓል እትም ይከብዳል አለና አቆየው። በኋላ ግማሹን ቆርጦ አተመው። አልተከራከርኩም። የመጽሔቱን አንድ ቅጂ ወደ አሰላ በሚሄድ ሾፌር እጅ ላክሁላቸው።

ከጥቂት ቀናት በኋላ የእህታቸው ልጅ ደወለች።

«አነበብኩላቸው» አለች።

«ምን አሉ?»

«ረዝሟል አሉ።»

«ልክ ናቸው» አልኳት። ሰላም በይልኝ ብዬ ስልኩን ዘጋሁና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።